የፊኽተ ሕይወትና የባዶነት ጥያቄ

በትምህርት ላይ ያለን ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምንከራከርበት አንድ ጥያቄ አለ። መልካምና ክፉ የምንለው ነገር በእውነት አለን? ወይስ ሰው ለራሱ ያበጀው ልማድ ብቻ ነው? ልማድ ብቻ ከሆነ የራያ ሽማግሌዎች ደም የተቃቡትን ለማስታረቅ የሚደክሙት፣ እኛም ማሳው በጎርፍ የተወሰደበትን ጎረቤት የምናግዘው ለምንድር ነው? ይህን ሁሉን ባዶ የሚያደርግ አሳብ አውሮፓውያን ኒሂሊዝም ይሉታል። ቃሉ በፍልስፍና ክርክር ውስጥ እንዲታወቅ ያደረገው በ1799 ለጀርመናዊው ፈላስፋ ለዮሐን ጎትሊብ ፊኽተ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊኽተ በ1762 በሳክሶኒ አገር ራመናው በምትባል መንደር ከድሀ ጥብጣብ ሸማኔ ተወለደ። የቆቦ ቆላ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ የማሽላ ወፍ እንደሚከላከሉ ሁሉ እሱም በልጅነቱ ዝይ ይጠብቅ ነበር። እንደሚተረከው፣ አንድ እሑድ አንድ ባላባት ዘግይቶ ደርሶ ስብከቱ አመለጠው። የመንደሩ ሰዎችም ስብከቱን በቃሉ የሚወጣ ልጅ አለ ብለው ፊኽተን አቀረቡለት። ልጁም አሳምሮ ወጣው። ባላባቱ ተደንቆ በራሱ ወጪ ትምህርት ቤት አስገባው።

ረዳቱ ከሞተ በኋላ ግን ችግር ተከተለው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይመረቅ ወጣ፤ የሀብታሞችን ልጆች በየቤታቸው እያስተማረ ኖረ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር በምክንያትና በውጤት የታሰረ ነው፣ ሰውም ነፃ አይደለም ብሎ ያምን ነበር። ሰው ጎርፍ እንደሚያንከባልለው ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ምስጋናም ወቀሳም አይገባውም። በ1790 ለአንድ ተማሪ ለማስረዳት ሲል የካንትን መጻሕፍት አነበበ። ካንት የተፈጥሮን ሕግ ሳያፈርስ፣ ሰው ግዴታውን ሲያውቅ ነፃነቱን እንደሚያውቅ ያስተምር ነበርና የፊኽተ ልብ ዐረፈ። በ1791 ካንትን ለማየት እስከ ኮኒግስበርግ ሄደ። በ1792 ስለ መገለጥ የጻፈው መጽሐፍ ስሙ ሳይጠቀስ ታተመ፤ ሰዎችም የካንት ሥራ መሰላቸው። ካንት እውነተኛውን ደራሲ ባሳወቀ ጊዜ ፊኽተ ታዋቂ ሆነ።

በ1794 በየና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ የዕውቀት ሁሉ መነሻ እኔ የሚለው አሳቢ ራሱ ነው ሲል አስተማረ። በ1798 ደግሞ እግዚአብሔርን ከዓለም የግብረ ገብ ሥርዓት ጋር አንድ አድርጎ በመጻፉ ክህደት ነው ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1799ም ሥራውን አጣ። ያኮቢ የተባለው ፈላስፋ ያን ደብዳቤ የጻፈለት በዚሁ ዓመት ነው። አእምሮ የሚያውቀው ራሱ የሠራውን ብቻ ከሆነ እውነትም መልካምነትም ጥላ ሆነው ይቀራሉ፣ መጨረሻውም ባዶነት ነው አለው።

ፊኽተ በ1800 ስለ ሰው ጥሪ ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ጥያቄ አልሸሸም። መጽሐፉ ጥርጣሬ፣ ዕውቀትና እምነት የተባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። በሁለተኛው ክፍል ዕውቀት ብቻውን ዓለሙን ሁሉ ባዶ ምስል አድርጎ እንደሚያስቀረው ራሱ አሳየ። በሦስተኛው ግን ሰው የተፈጠረው ቆሞ ለመመልከት ብቻ ሳይሆን ለመሥራት ነው አለ። ሌላው ሰው በፊታችን ሲቆም ኅሊና ያዘናል፤ የነገሮች ዋጋ የሚታወቀውም ለዚህ ትእዛዝ ስንታመን ነው።

ይሁን እንጂ ኅሊናም ይሳሳታል። ፊኽተ ራሱ በ1793 አይሁድ የዜግነት መብት እንዳያገኙ በጥላቻ ጽፏል። ስለዚህ የኅሊናን ትእዛዝ የምንከተል ሁሉ ባልንጀራችንን የሚጎዳ ትእዛዝ ስንሰማ ቆም ብለን ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

ፊኽተ በ1811 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ተመራጭ ርእሰ መምህር ሆነ። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ሚስቱ ዮሐና ቁስለኞችን ስታስታምም ተስቦ ያዛት። እሷ ዳነች፤ በሽታው ግን ወደ እሱ ተላልፎ ጥር 29 ቀን 1814 በ51 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ጥያቄውን አንፍራው፤ በክርክር ብቻም ይፈታል ብለን አንጠብቅ። ዮሐና ከበሽተኞቹ አልጋ አጠገብ የቆመችው የመልካምነት ማስረጃ እስኪመጣላት ጠብቃ አልነበረም።