እቴጌ ምንትዋብና የቁስቋም ግንብ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በተራራው ግርጌ፣ ዛፍ የሸፈነው አንድ ሰፊ የድንጋይ ቅጥር ይገኛል። በቅጥሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕንፃ አለ። አንደኛው ዛሬም ካህናት የሚቀድሱበት፣ ምእመናን የሚሰበሰቡበት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው ጣሪያው ከወደቀ ረጅም ዘመን ያለፈው፣ ግድግዳው ብቻ የቆመ ቤተ መንግሥት ነው። ሁለቱንም ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አሠሪ ፈቃድ የቆሙ ሕንፃዎች ዕጣ ለምን እንዲህ ተለያየ የሚለው ጥያቄ፣ የታሪክ ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ያረጀ ቤት ወርሶ የሚኖረውንና በቅርስ አካባቢ ለመገንባት የሚያስበውንም ዜጋ ይመለከታል።

እቴጌይቱ የተወለዱት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ ሲሆን የቋራ ተወላጅ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ምንትዋብ የሚለው መጠሪያ መልካቸውን በማድነቅ የወጣ ስም ሲሆን በሕዝብ ዘንድ የጸናው ይኸው ነው። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በቋራ ሲዘዋወሩ ታመው በአንድ ቤት እንዳረፉ፣ በዚያም የቤቱ ልጅ አስታማቸው ኋላ እንዳገቧት የሚነገረው ታሪክ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ታሪኩ በአፈ ታሪክ መልክ የደረሰን ቢሆንም የጋብቻው ፍሬ ግን የታወቀ ነው፤ ኢያሱ የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደ።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፉ ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ዙፋን ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር እናቱም ዘውድ ጭነው የመንግሥቱ ተካፋይ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት የጎንደር መንግሥት ጉዳይ ያለ እቴጌይቱ ፈቃድ አልተፈጸመም። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑልና ሌሎች የቋራ ዘመዶቻቸው ከፍተኛ ሹመት አገኙ። ይህ አሠራር ለእቴጌይቱ ጽኑ ድጋፍ የሆናቸውን ያህል የሌሎቹን መኳንንት ቅሬታ አብዝቷል። በ1725 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ተቃዋሚዎቻቸው ሌላ ንጉሥ ሰይመው የፋሲል ግቢን ከበቡ። ሕፃኑ ንጉሥና እናቱ ከበባውን በግቢው ቅጥር ውስጥ ሆነው ተቋቋሙት፤ ከጎጃም የመጣ ጦር ደርሶም ታደጋቸው።

እቴጌይቱ ከነገሥታቱ ግቢ ውጭ፣ ከከተማው ግርግር ርቆ፣ የራሳቸው የሆነ ሥፍራ ለማቋቋም የተነሡት ይህን ካዩ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ቁስቋም የሚለው ስም የተወሰደው ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት የግብፅ ሥፍራ ነው። የመጠለያንና የዕረፍትን ትርጉም የያዘ ስም ነው። እቴጌይቱ ሲመርጡት ኋላ በሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚስማማቸው ያወቁ አይመስልም።

ሥራው በ1720ዎቹ ተጀምሮ በቀጣዮቹ ዓመታት ተፈጸመ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመኖሪያ ግንቡ፣ የግብር አዳራሹና በማማዎች የታጠረው ቅጥር በአንድነት የታቀዱ ናቸው። የጎንደር ግንበኞች የሚጠቀሙበት ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ለቅርጽ ግን አይመችም። ስለዚህ በበሮችና በመስኮቶች ዙሪያ፣ እንዲሁም በግድግዳው ጌጥ ላይ ለመጥረቢያ የሚገራውን ቀላ ያለ ለስላሳ ድንጋይ አስገቡ። በቁስቋም ግንብ ላይ ዛሬም የሚታዩት የመስቀልና የእንስሳት ቅርጾች የተቀረጹት በዚሁ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ጭቃ ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ ግድግዳው የያዘውን እርጥበት የሚያስተነፍስ፣ መሬቱ በትንሹ ሲንቀሳቀስም አብሮ የሚሰጥ ማያያዣ ነው። በሌላ በኩል ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ጥቂት በጥቂት ያጥበዋል። በኖራ የተሠራ ግንብ ዘወትር የሚያየው፣ የፈረሰውን ልስን የሚመልስ፣ በግድግዳው አናት ላይ የበቀለውን ችግኝ ሥር ሳይሰድ የሚነቅል ሰው ይፈልጋል ማለት ነው።

እቴጌይቱ ይህን የተረዱ ይመስላል። ቁስቋምን አሠርተው ብቻ አልተዉትም፤ ጉልት ሰጡት። የትኛው መሬት ለየትኛው አገልጋይ እንደተሰጠ በመዝገብ እንዲጻፍ ተደረገ፤ መዝገቡም ለታሪክ ተመራማሪዎች ስለ ጎንደር ዘመን የመሬት ሥሪት ዋና ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። ካህናቱና ደብተራዎቹ በመሬቱ ገቢ ይተዳደራሉ፤ በምላሹም አገልግሎቱ እንዳይታጎል ይጠበቅባቸዋል። አገልግሎት ባለበት ደግሞ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይታይ አይከርምም። የዚህ ሁሉ ወጪ በመጨረሻ ያረፈው በእነዚያ መሬቶች ላይ በሚያርሰው ገበሬ ጫንቃ ላይ እንደነበር ግን ሊዘነጋ አይገባም። የጎንደር ግንቦች ውበት ሲወሳ የዚህ ሰው ድካም ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል።

በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ላይ የሚገኘው ናርጋ ሥላሴም የእቴጌይቱ ሥራ ነው። ክብ ሆኖ የተሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ቅጥርና በማማ በር የተከበበ ሲሆን የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ እቴጌይቱን በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ያሳያል። ናርጋ በሐይቅ መካከል በመሆኑ ጎንደርን ደጋግሞ የመታት እሳትና ጦር እምብዛም አልደረሰበትም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ቤተ ክርስቲያን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚሻ ሰው ዛሬ ወደ ናርጋ የሚሄደው ስለዚህ ነው።

በፋሲል ግቢ ውስጥም በእቴጌይቱ ስም የሚጠራ ግንብ ቆሟል። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ታሪክ የሕንፃ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ኢያሱ በ1736 ዓ.ም. በስናር ላይ ያደረጉት ዘመቻ በሽንፈት አበቃ፤ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የከበረ ሥዕልም በጠላት እጅ ወድቆ በቤዛ ተመለሰ። ንጉሡ ከዘመቻ ይልቅ ለተድላና ለግንባታ ያደሉ ናቸው የሚል ወቀሳ በዘመናቸው ተሰምቷል። በ1747 ዓ.ም. ሲያርፉ በግምጃ ቤት የተገኘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት እንደነበረ ይነገራል። የመንግሥት ሀብት ለግንባታ ሲውል የሚነሣው ክርክር፣ እንግዲህ፣ በአገራችን አዲስ አይደለም።

እቴጌይቱ የልጃቸውን ልጅ ኢዮአስን በዙፋን አስቀምጠው በቁስቋም ተጠልለው ለመኖር አሰቡ። አልሆነላቸውም። በእርሳቸው የቋራ ወገኖችና በኢዮአስ እናት በእቴጌ ውቢት ወገኖች መካከል የተነሣው ፉክክር እየከረረ ሄደ። በዚህ መካከል የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ወደ ጎንደር እንዲመጡ ተደረገ። በ1761 ዓ.ም. ግንቦት ወር ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ዘመን የሚቆጠረው ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው። ባላቸውን፣ ልጃቸውንና የልጃቸውን ልጅ የቀበሩት እቴጌ በቁስቋም ለኀዘን ተቀመጡ።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው በዚህ ሁኔታ ነው። ያን ጊዜ ፈንጣጣ ቁስቋም ገብቶ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ይፈጅ ነበር። ብሩስ ሕመምተኞቹን እንዲያይ ሲፈቀድለት በመጀመሪያ የሠራው ሥራ የሕንፃ ሥራ ነው ቢባል አልተሳሳተም፤ የተዘጉትን በሮችና መስኮቶች አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፣ በዕጣንና በከርቤም አሳጠነ። ቤቱ አየር አገኘ። ከታመሙት ልጆች የዳኑ ነበሩ፤ ብሩስም በዚህ የእቴጌይቱን ቤተሰብ አመኔታ አተረፈ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. አርፈው በቁስቋም ተቀበሩ። ከእርሳቸው በኋላ በጎንደር ቁስቋምን የሚያህል ሥራ ያሠራ ንጉሥ አልተነሣም። ቤተ መንግሥቱ የሚኖርበት ሰው አጣ። የሚኖርበት የሌለው ቤት በመጀመሪያ የሚያጣው ጣሪያውን ነው፤ እንጨቱ ይበሰብሳል ወይም ለሌላ ሥራ ይወሰዳል። ጣሪያው ሲሄድ ዝናቡ በግድግዳው አናት ይገባል፣ ኖራው ይታጠባል፣ የዛፍ ሥርም ክፍተቱን ያሰፋዋል። የቁስቋም ግንብ የሆነው ይኸው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ከጉዳት አልተረፈም። ጎንደር በ1880 ዓ.ም. በድርቡሾች ስትወረር ከተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው የታየው። ቤተ ክርስቲያኑ ካህናትና ምእመናን ስለነበሩት እንደገና ተሠራ። ግንቡ ግን ጠያቂም አሠሪም አልነበረውም። ዛሬ በቁስቋም የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ከእቴጌይቱ እጅ የወጣው ሕንፃ አይደለም፤ ቦታውና አገልግሎቱ ግን ያው የእርሳቸው ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም በአንድ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ተቀምጦ በዚያው ይገኛል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ግንቦች ሁለት ዓይነት ፈተና ገጠማቸው። አንደኛው ጦርነት ነው፤ በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ከጣሊያን ጦር ስትለቀቅ ከተማዪቱ በአውሮፕላን ተደብድባለች። ሁለተኛው ጥገና ነው። ጥገና ፈተና መባሉ ሊያስገርም ይችላል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ባደረጉት እድሳት ሲሚንቶና አርማታ ተጠቅመው ነበር። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራና አየር የማያሳልፍ በመሆኑ በግድግዳው ውስጥ እርጥበት ያግታል፤ እርጥበቱም መውጫ ሲያጣ ለስላሳውን ድንጋይ ይፈረፍረዋል። ከዚያ በኋላ የመጡ የጥበቃ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን በጥንቃቄ እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆኖባቸዋል። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋምም የመዝገቡ አካል ሆነ።

የጉልት ሥሪት ከቀረ ዘመን አልፏል፤ አንድን ሕንፃ ማን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ ዛሬ መልስ የሚያገኘው በሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በይዞታው የሚገኝ ሰው ቅርሱን በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ አለበት። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን የሚሸፍንበትን መንገድ አዋጁ ክፍት አድርጓል። ይህ ድንጋጌ በሚገባ አይታወቅም፤ ያረጀ ቤታቸው እየፈረሰ አቅም አጥተው ዝም ያሉ ባለይዞታዎች ሊያውቁት ይገባል። ቅርስን መጠገንም ሆነ ለቅርስ ጥበቃ በተከለለ ሥፍራ መገንባትና መቆፈር አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ልስን መቀባት ወይም የወደቀ የድንጋይ አጥር በሲሚንቶ መመለስ ቀላል ሥራ ቢመስልም ከጥገና ይቆጠራል። በቁፋሮ መካከል ያረጀ ግንብ፣ መቃብር ወይም ዕቃ ያገኘ ሰው ሥራውን አቁሞ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ማመልከቻ የሚቀርበው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የሕንፃው ፎቶግራፍ፣ የይዞታ ማስረጃና የታሰበው ሥራ መግለጫ አብሮ ቢቀርብ ጉዳዩን ለሚያየው ባለሙያ ይረዳል።