ቅዱስ ኢግናጢዮስና የኅሊና ጭንቀት
ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1491 ዓ.ም. ተወለደ። በ1521 በፓምፕሎና ውጊያ ቆስሎ ሳለ ልቡ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ። በ1522 ግን በማንሬሳ ከባድ የኅሊና ጭንቀት ያዘው። የተናዘዘውን ኃጢአት ደጋግሞ ቢናዘዝም ዕረፍት አጣ፤ ራሱን የማጥፋት ፈተናም ደረሰበት። ሳምንት ሙሉ ሲጾም የንስሐ አባቱ እንዲበላ አዘዘው፤ ታዘዘም። ጭንቀቱ ቢመለስበትም ያለፈውን ዳግመኛ ላለመናዘዝ ቈርጦ ተነሣ፤ ሰላምም አገኘ። ኋላ ለተጨነቁት ምክር ጻፈ፤ በ1556 ዐረፈ።

ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ ያለው የሚደጋገም ሐሳብና ድርጊት ሕመም ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ፤ በሕክምናውም ሕመምተኛው ድርጊቱን ሳይደግም ጭንቀቱን መታገሥን ይለማመዳል። በጋምቤላ ቁምስናዎች የምታገለግሉ ካቴኪስቶች ሆይ፥ እንዲህ የሚጨነቀውን ሰው እምነት ጎድሎታል አትበሉት፤ ወደ ካህንም ወደ ሐኪምም ምሩት።