ላቯዚዬ እና የባሩዱ ነገር

አንትዋን ላቯዚዬ በዓለም የሳይንስ ታሪክ የዘመናዊው ኬሚስትሪ አባት በሚል ስያሜ ይታወቃል። ኦክስጅን የሚለውን ስም ያወጣ፣ እሳት ማለት የሚነድደው ነገር ከኦክስጅን ጋር መዋሐድ መሆኑን በሚዛን ለክቶ ያሳየ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ከሃምሳ ዓመት ዕድሜው ውስጥ 16ቱን በባሩድ ወፍጮና መጋዘን መካከል ማሳለፉ ግን ብዙም አይነገርለትም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላቯዚዬ ነሐሴ 26 ቀን 1743 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበር፤ እናቱ ገና በአምስት ዓመቱ ሞተችበት። እንደ አባቱ ሕግ ቢማርም ልቡ ያደላው ወደ ተፈጥሮ ምርምር ነበርና በ1768፣ በ24 ዓመቱ፣ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት የንጉሡን ግብር በውል ተረክቦ በሚሰበስብ ባለጸጋ ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዛ። ይህ ገቢ ለምርምሩ ስንቅ ሆነው፤ ኋላም አንገቱን አስቀጠፈው። በ1771 የማኅበሩን የአንዱን ባልደረባ ልጅ ማሪ አንን አገባ። እርሷም እንግሊዝኛ ተምራ መጻሕፍትን እየተረጎመች፣ የምርምር መሣሪያዎቹንም እየሣለች የሥራው ተካፋይ ሆነች።

ባሩድ እንዴት የአንድ ሊቅ ጭንቀት እንደ ሆነ ለመረዳት በጊዜው የነበረውን ጠመንጃ ማወቅ ያስፈልጋል። የዘመኑ ጦር የሚዋጋው በባልጩት ጠመንጃ ነበር። ቃታው ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ወደ ፊት ተወርውሮ ከብረት ክዳን ጋር ይጋጫል። ክዳኑ ሲከፈት ፍንጣሪው ከሥሩ ባለች ጎድጓዳ ሳህን ላይ በተነሰነሰው ጥቂት ባሩድ ላይ ይወድቃል። የዚያ ነበልባል በበርሜሉ ጎን በተበሳች ቀጭን ቀዳዳ አልፎ ውስጥ የታመቀውን ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል፤ ያን ጊዜ አረሩ ይወጣል። ሁሉም በዓይን ጥቅሻ የሚያልቅ ቢሆንም የመጀመሪያው እርምጃ እጅግ ደካማ ነው። ሳህኗ ላይ ያለው ባሩድ ቦግ ብሎ ጠመንጃው ዝም ሊል ይችላል፤ ባሩዱ ጭራሹን ሳይያያዝ ሊቀርም ይችላል። በጦር ሜዳ ላይ ይህ የሞት ያህል ነበር።

በሳህኗ ላይ የሚነሰነሰው ባሩድ ደቃቅና ደረቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ደቃቅ ፍሬ በትንሽ ፍንጣሪም ፈጥኖ ይያያዛልና። በርሜሉ ውስጥ የሚገባው ግን ነበልባል በመካከሉ የሚሮጥበት ክፍተት እንዲኖረው ጎላ ያለ ፍሬ ያሻዋል። ጥንቁቅ አዳኞች ለሁለቱ ሥራ ሁለት የባሩድ ቀንድ ይይዙ ነበር። ወታደር ይህ ምቾት አልነበረውም። የወረቀቱን ጥቅል በጥርሱ ቀድዶ ጥቂቱን በሳህኗ ላይ፣ የቀረውን በበርሜሉ ውስጥ ያፈስሳል። ስለዚህ መንግሥት የሚሰጠው ያ አንዱ ባሩድ ለሁለቱም የሚበቃ መሆን ነበረበት።

ባሩድ ከሦስት ነገሮች ይቀመማል፤ ከድኝ፣ ከከሰልና ሳይንሱ ፖታሲየም ናይትሬት ከሚለው የባሩድ ጨው። ከስምንት እጅ ስድስቱ ይህ ጨው ነው። ጨው የተባለው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከአፈር የሚወጣው ጨው ሳይጠራ ከቀረ በውስጡ የገበታ ጨውና ሌሎች እርጥበት የሚስቡ ጨዎች ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ባሩድ በመጋዘን ደረቅ መስሎ ቆይቶ በጭጋግና በካፊያ ቀን ሳህኗ ላይ ጥቁር ጭቃ ይሆናል።

ጨዉ የሚገኘው ከብት ከኖረበት፣ ሽንት ከጠጣ አፈር ነው። የበረት አፈር ምን ያህል ለም እንደ ሆነ ለገበሬ መንገር አያሻም፤ ያንኑ አፈር የፈረንሳይ ንጉሥም ይፈልገው ነበር። የንጉሡ ጨው ቆፋሪዎች ወደ ገበሬው በረትና ምድር ቤት ገብተው ወለሉን የመቆፈር መብት ነበራቸው። ማደሪያና ማገዶ ከመንደሩ ይጠይቃሉ፤ እንዳይቆፈርበት የሚሻም ጉቦ ይሰጣቸዋል። ገበሬው እጅግ ይጠላቸው ነበር። ይህ ሁሉ ግፍ ተፈጽሞም አገሪቱ ባሩድ አይበቃትም ነበር፤ ከ1756 እስከ 1763 በተካሄደው የሰባት ዓመት ጦርነት ፈረንሳይ በባሩድ እጥረት ተቸግራለች።

በ1775 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቱርጎ የባሩዱን ሥራ ከግል ተዋዋዮች ነጥቆ ለመንግሥት አስተዳደር ሰጠ። ከተሾሙት አራት ኃላፊዎች አንዱ ላቯዚዬ ነበር። መኖሪያውንና ቤተ ሙከራውን ወደ ፓሪስ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አዛውሮ ሥራውን ጀመረ። በ1777 አስተዳደሩ ጨውን በሰው ሠራሽ መደብ ማምረት የሚቻልበትን መመሪያ አሳተመ። አፈር፣ ፍግ፣ ገለባና አመድ በጣሪያ ሥር ተከምሮ፣ ሽንት እየጠጣና እየተገላበጠ ይቆያል፤ ኋላም በውኃ ይታጠባል። ከአመድ የሚገኘው ፖታሽ እርጥበት የሚስበውን የኖራ ጨው ወደ እውነተኛው የባሩድ ጨው ይለውጠዋል። ከዚያም በፈላ ውኃ አሟሙቶ ማቀዝቀዝ ነው፤ የባሩዱ ጨው ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ የገበታ ጨዉ በውኃው ውስጥ ይቀራል። የባሩዱ ጉልበት በሙከራ መድፍ ይለካ ነበር። 92 ግራም ያህል ባሩድ 29 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ምን ያህል ርቀት እንደሚወረውር ይታያል፤ ካነሰ ባሩዱ ተቀባይነት የለውም።

ውጤቱ በጥቂት ዓመታት ታየ። ፈረንሳይ ለራሷ በቅቷት ከእንግሊዝ ጋር ለተጣሉት አሜሪካውያን በመርከብ መላክ ቻለች። በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት የአሜሪካውያኑ ጠመንጃዎች የተኮሱት በአብዛኛው ከባሕር ማዶ በመጣ ባሩድ ነው።

በዚህ መካከል ላቯዚዬ በ1778 በብሉዋ ከተማ አቅራቢያ ፍሬሺን በተባለ ስፍራ የእርሻ መሬት ገዛ። መኖ እያበቀለ፣ ከብት እያበዛ፣ ፍጉን ወደ ማሳ እየመለሰ የስንዴ ምርቱን ከፍ አደረገ። በ1788 ረኃብ በገባ ጊዜም ለብሉዋ ከተማ እህል መግዣ ያለ ወለድ አበደረ።

ያው ዓመት ክፉ ቀንም ነበረበት። ባልደረባው ቤርቶሌ አዲስ ያገኘው ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ጨው ከቀድሞው በእጅጉ የሚበረታ ባሩድ ይሰጣል ተብሎ ታሰበ። ጥቅምት 27 ቀን 1788 ላቯዚዬ፣ ባለቤቱና ቤርቶሌ ሙከራውን ለማየት ወደ ኤሶን ወፍጮ ሄዱ። ቁርስ ለመብላት ዘወር ብለው ሲመለሱ ወፍጮው ፈነዳ፤ የወፍጮው ኃላፊና አንዲት ወጣት ሴት ሞቱ። ለማቀጣጠል የሚቀል ባሩድ ለሠሪው አደገኛ እንደሚሆን በሁለት ሰው ሕይወት ታወቀ።

በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። ሐምሌ 14 ቀን 1789 የፓሪስ ሕዝብ ወደ ባስቲል የተመመው እስረኛ ለማስፈታት ብቻ አልነበረም፤ ጠመንጃ ማርኮ ባሩድ ስላጣ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 6 ቀን፣ ከግምጃ ቤቱ ባሩድ የጫነ ጀልባ በሴን ወንዝ ላይ ታየ። የተጫነው በአፍሪካ ጠረፍ ለሚካሄደው ንግድ የሚላክ፣ ለጦር ጠመንጃ የማይበቃ ዝቅተኛ ባሩድ ነበር፤ የሚወጣውም ከኤሶን ለሚመጣው ጥሩ የጠመንጃ ባሩድ ቦታ ለመልቀቅ ነው። በባለሙያ ዓይን ለከተማዋ የሚበጅ ልውውጥ ነበር። ነገር ግን በፈረንሳይኛ የንግድ ባሩድ የሚለው ሐረግ የከሐዲ ባሩድ ከሚለው የሚለየው በአንዲት ድምፅ ብቻ ነው። ሕዝቡ ባሩዱ ለጠላት ሊሰጥ ነው ብሎ ተነሣ። ላቯዚዬና አንድ ባልደረባው ተይዘው በቁጡ ሕዝብ መካከል ወደ ከተማው ምክር ቤት ተወሰዱ፤ የባሩዱን ዓይነትና ደረጃ አስረድተው ለጥቂት ተረፉ። የማውጫ ትእዛዙን የፈረመው ሹም ደ ላ ሳልም ሊሰቀል ሲፈለግ አመለጠ።

ላቯዚዬ ከዚያ በኋላ በሥልጣን ላይ የቆየው ለሁለት ዓመት ያህል ነው። በ1793 ኅዳር መጨረሻ ግብር ሰብሳቢ በመሆኑ ታሰረ። እርሱ በታሰረ በሳምንቱ ገደማ የአብዮቱ መንግሥት ዜጎች ሁሉ የምድር ቤታቸውን አፈር አጥበው የባሩድ ጨው እንዲያወጡ አወጀ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም ቤርቶሌና ሌሎች የቀድሞ ባልደረቦቹ ከየአውራጃው የተጠሩትን ሰዎች የጨው ማጥራትንና የባሩድ አሠራርን ያስተምሩ ጀመር። ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው እስር ቤት ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1794 ከአማቱና ከሌሎች ግብር ሰብሳቢዎች ጋር በጊሎቲን አንገቱ ተቆረጠ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር።

በኤሶን ከእርሱ ሥር ሙያውን ከተማሩት ወጣቶች አንዱ ኤሌቴር ኢሬኔ ዱ ፖን ነበር። ይህ ወጣት በ1800 ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገባ። አንድ ቀን ለአደን ወጥቶ የአገሩ ባሩድ ውድም ደካማም መሆኑን በማየቱ ሥራውን ለመጀመር እንዳሰበ ይነገራል። በ1802 በደላዌር ግዛት፣ በብራንዲዋይን ወንዝ ዳር መሬት ገዝቶ ላቯዚዬ ያጠራውን አሠራር የሚከተል የባሩድ ወፍጮ ማቆም ጀመረ።