ሃዋርድ ቴሚን፦ ስድስት ዓመት ያልታመነ ሰው

ዘንድሮ ሕይወቱን ልናወሳ የመረጥነው ሰው ሃዋርድ ቴሚን ይባላል። በሳይንስ ዓለም ስሙ ትልቅ ነው፣ በየቤታችን ግን እምብዛም አይነሳም። ሥራው ግን ደርሶናል። በኮሮና ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ ጥጥ እየገባ ስንመረመር፣ ላቦራቶሪው ይጠቀምበት የነበረው ዋና ነገር ከእሱ ግኝት የመጣ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ቴሚን በ1934 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ፣ እናቱ ደግሞ በሕዝብ ጉዳይ የምትሮጥ ሴት ነበረች። ከሦስት ወንድማማቾች መካከለኛው እሱ ነው። ባር ሚጽቫው ሲደርስ ቤተሰቡ ለድግሱ ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ በጦርነቱ ተፈናቅለው በካምፕ ለሚኖሩ ሰዎች ሰጠ። ዛሬ እኛ ዘንድ ለአንድ ባር ሚጽቫ አዳራሽ ስንት እንደሚከፈል ለሚያውቅ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጁ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያለ የትምህርት ዕረፍቱን በሜይን ግዛት በሚገኝ የምርምር ላቦራቶሪ ያሳልፍ ነበር። ከዚያ ስዋርዝሞር ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ካሊፎርኒያ ውስጥ ካልቴክ ገባ። እዚያ ያገኘው ጥያቄ የዶሮ ጥያቄ ነው። ፔይተን ሩስ የሚባል ሐኪም በ1911 ዶሮን ካንሰር የሚያሲዝ ቫይረስ እንዳለ አሳይቶ ነበር። ቴሚንና ሃሪ ሩቢን በ1958 ይህን ቫይረስ በብርጭቆ ሳህን ላይ በተነጠፉ የዶሮ ሴሎች ላይ አደረጉት። ቫይረሱ የገባባቸው ሴሎች መልካቸው እየተለወጠ ይከመራሉ። ክምሩን መቁጠር ተቻለ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል በትክክል መቁጠር አይቻልም ነበር።

ቴሚን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር አየ። ብዙ ቫይረስ የገባበትን ሴል ይገድላል። ይሄኛው አይገድልም። ሴሉ በሕይወት ይኖራል፣ ይከፈላል፣ ልጆቹም ያንኑ የተለወጠ መልክ ይዘው ይወጣሉ። አንዱ ዓይነት ቫይረስ ሴሉን ክብ ያደርገዋል፣ ሌላው ዓይነት ቀጭንና ረዥም ያደርገዋል፤ ያ መልክ ከእናት ሴል ወደ ልጅ ሴል እንደ ዘር ይወራረሳል። እንግዲህ ቫይረሱ የት ነው የተቀመጠው?

እዚህ ጋ ትንሽ ማብራራት አለብን። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ዲኤንኤ አለ፤ እንደ ቢሮ ዋና መዝገብ ቁጠሩት። ሥራ ሲኖር ከመዝገቡ ግልባጭ ይወጣል፤ ይህ ግልባጭ አርኤንኤ ይባላል። ሴሉ ግልባጩን አንብቦ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሠራል። ሴሉ ሲከፈል ደግሞ መዝገቡ በሙሉ ይገለበጥና ለሁለቱም ልጆች ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ሳይንቲስቶች መንገዱ አንድ ነው፣ ከመዝገብ ወደ ግልባጭ ብቻ ነው ይሉ ነበር። የዶሮው ቫይረስ ግን የያዘው መዝገብ ሳይሆን ግልባጭ፣ ማለት አርኤንኤ ብቻ ነው።

ቴሚን በ1960 ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ማዲሰን ከተማ ሄደ። የተሰጠው ላቦራቶሪ ምድር ቤት ነበር። እዚያ ሆኖ አክቲኖማይሲን ዲ በሚባል መድኃኒት ሞከረ። ይህ መድኃኒት ከዲኤንኤ ላይ ግልባጭ እንዳይወጣ ያግዳል። ሌሎች አርኤንኤ የያዙ ቫይረሶች ዲኤንኤ ስለማያስፈልጋቸው አብዛኞቹ ግድ አልነበራቸውም። የዶሮው ቫይረስ ግን መራባቱን አቆመ። ስለዚህ በ1964 ቴሚን ደፍሮ ተናገረ፦ ይህ ቫይረስ ራሱን ከግልባጭ ወደ መዝገብ መልሶ ይጽፋል፣ ሴሉም ሲከፈል የራሱን እየመሰለው አብሮ ይገለብጠዋል። የተጻፈውን ክፍል ፕሮቫይረስ አለው።

ማንም አላመነውም። የመድኃኒቱ ውጤት በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል አሉ፤ እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ገና ቀጭን ነበር። አንዳንዱ ሳቀበት፣ አንዳንዱ ዝም አለው። እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ዶሮውን አልተወም። ይህን ስንጽፍ ግትር ሁሉ ልክ ነው እያልን አይደለም፤ ስንቱ ግትር ተሳስቶ ቀርቷል። ቴሚን ግን በየጊዜው አዲስ ሙከራ ያቀርብ ነበር፣ ክርክር ብቻ አልነበረም የያዘው።

በ1970 እሱና ሳቶሺ ሚዙታኒ የሚባል ከጃፓን የመጣ ባልደረባው የቫይረሱን ሽፋን በሳሙና መሰል ነገር ከፈቱ። የዲኤንኤ መሥሪያ ፍርፋሪዎችን ጨመሩበት። ዲኤንኤ ተሠራ! አርኤንኤውን ቀድመው ሲያጠፉት ግን ምንም አልተሠራም። ቫይረሱ ወደ ኋላ የሚጽፍ መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው ማለት ነው፤ በኋላ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ተባለ። በዚያው ሰሞን ዴቪድ ባልቲሞር ለብቻው ያንኑ አገኘ፣ የሁለቱም ጽሑፍ ኔቸር በተባለው መጽሔት ጎን ለጎን ወጣ። በ1975 ሁለቱና የቴሚን የቀድሞ አስተማሪ ሬናቶ ዱልቤኮ ኖቤል ተሸለሙ።

ኤችአይቪ ሲመጣ የቴሚን ዶሮ ምን ያህል እንደጠቀመ ታየ። ኤችአይቪም መልሶ የሚጽፍ ቫይረስ ነው። በ1987 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኤዜቲ፣ የሚያግደው ያንኑ መሣሪያ ነው። የዛሬ መድኃኒቶች በደንብ ከተወሰዱ ቫይረሱ በደም ምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፣ ሰውየውም በግብረ ሥጋ ለሌላ አያስተላልፍም። ታዲያ ለምን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል? መድኃኒቱ አዲስ ጽሑፍን ያግዳል እንጂ ቀድሞ መዝገብ ውስጥ የገባውን አይፍቀውም። በአንዳንድ ሴል ውስጥ ዓመታት ዝም ብሎ ይተኛል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይነሳል።

ይህ ቃል በብዙ ቤታችን በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። ምክንያቱም አለን። በ1996 መጀመሪያ የሰጠነው ደም ሳይነገረን ይጣል እንደነበር ሲሰማ ወላጆቻችን በሺህ ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ወጡ። ቫይረሱ ግን የማንንም አገር አይጠይቅም፣ ሁሉም ሴል ውስጥ ያለው መዝገብ አንድ ዓይነት ነው። ልጆቻችን ይህን ከኛ ቢሰሙት ይሻላል።

ቴሚን ከሽልማቱ በኋላም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1970ዎቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ፣ ወደ እስራኤል እንዳይወጡ የተከለከሉና ከሥራቸው የተባረሩ አይሁድ ሳይንቲስቶችን በየቤታቸው ጠየቀ። መውጫ እየጠበቁ መኖር ምን እንደሆነ የኛ አባቶችና እናቶች ያውቁታል። ስቶክሆልም ላይ ሽልማቱን ሲቀበል ደግሞ ያገኘውን አጋጣሚ ሲጋራን ለመቃወም ተጠቀመበት፤ ካንሰርን ለመከላከል የታወቀ መንገድ እያለ ሰው ማጨሱ ያናድደው ነበር።

እሱ ራሱ አጭሶ አያውቅም። የያዘው ግን የሳንባ ካንሰር ነው፣ በየካቲት 1994 በ59 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ራይላም የዘር ሳይንስ ተመራማሪ ነበረች፤ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው። ማዲሰን ውስጥ በብስክሌት ወደ ሥራ ይመላለስ ነበር፣ በሐይቁ ዳር ያለው የዩኒቨርሲቲው መንገድ ዛሬ በስሙ ይጠራል።