የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ

ኦነሲሞስ ነሲብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ሲሆን ትርጓሜው በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። በሕፃንነታቸው አባታቸው ሞቱ። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥቀው፥ ከገበያ ወደ ገበያ እየሸጡ ምጽዋ አደረሷቸው። በ1870 ነጻ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ፤ ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና መልሶ የላከው የባሪያው ስም ነው።

በስዊድን አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ ደጋግመው ቢሞክሩም መንገዱ ተዘጋባቸው። ስለዚህ ራሳቸው ባይደርሱ መጽሐፉ እንዲደርስ ትርጉም ጀመሩ። ከአገራቸው በልጅነት ስለ ወጡ ብዙ ቃል ይቸግራቸው ነበር። ይህንንም እንደ እሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ አሟላችላቸው። የኦሮምኛው ሐዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ነቀምት ገብተው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ማስተማር ጀመሩ። በዚህም ምክንያት ተከሰው ከስብከት ታገዱ። እሳቸው ግን አገሩን ትተው አልሄዱም፤ በትዕግሥት ቆይተው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ፈቃድ አገኙ። ከዚያም ምእመናንን ሲያስተምሩና ሲያጽናኑ ኖረው በ1931 ዐረፉ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የእኚህን ሰው ትጋት እናስብ። ከእናታቸው ቋንቋ በግፍ የተለዩት ሕፃን አድገው ያንኑ ቋንቋ ለወገናቸው መጽሐፍ አድርገው መለሱለት። እኛም የተማርነውን ለራሳችን ብቻ አንያዘው።