ክላራ ዜትኪንና የሴት ሠራተኞቹ ጋዜጣ

እኅቶቼ፣ ማርች 8ን ስናከብር የምናስታውሳት ጀርመናዊት ክላራ ዜትኪን በ1857 (እ.ኤ.አ.) ተወለደች፤ መምህርነት ተማረች። በ1889 የልጆቿ አባት ሲሞት ሁለት ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች።

ከ1892 ጀምሮ «እኩልነት» የተባለውን የሴት ሠራተኞች ጋዜጣ በሽቱትጋርት ከተማ ለ25 ዓመት አዘጋጀች። በልብስ ሰፊዎች የሠራተኛ ማኅበርም ታገለግል ነበር። በብዙ የጀርመን ግዛቶች እስከ 1908 ድረስ ሴቶች የፖለቲካ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ሕግ ይከለክል ስለነበር፣ ተራርቀው የሚኖሩትን ያገናኛቸው ይኸው ጋዜጣ ነው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ አድማ ይነግራቸው ነበር። በ1914 ኅትመቱ ከ100,000 ቅጂ አለፈ። ጦርነቱን በመቃወሟ በ1917 አዘጋጅነቱን ተነጠቀች። በ1933 አረፈች።

እኛም ከጎንደር እስከ ዳባትና ደባርቅ ተራርቀን የምንኖር ነን። ስብሰባ ላይ ያልተገኘች አባል የቁጠባዋን ሒሳብ ከዚህ ገጽ ማንበብ መቻል አለባት።