የሻምበል አበበ ቢቂላ ጉልበት

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲያዘኝ፣ ከሙያ አባቶቻችን አንዱን እመርጣለሁ ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። የመረጥሁት ግን ሯጭ ነው። ምክንያቱን አልደብቅም። በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የምንሠራ ጥቂት ባልደረቦች ለ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ስንዘጋጅ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን በአስፋልቱ ዳር ከመሮጥ በቀር ሌላ ልምምድ አናውቅም ነበር። በሦስተኛው ወር ቀኝ ጉልበቴ አበጠና የውድድሩን ዕለት ከመንገድ ዳር ቆሜ አሳለፍሁት። ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ የተጻፈውን ማገላበጥ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ የፈለግሁትም የድሉን ዜና ሳይሆን ለድሉ የበቃው ሰውነት እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ነበር።

በማዕረጉም በክብሩም አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው መሆኑ አይካድም። ይሁንና ሕዝቡ በሕይወት ሳለም ካለፈ በኋላም እንደ ልጁ አበበ እያለ ስለሚጠራው፣ እኔም ይህንኑ ልማድ ብከተል አንባብያን ይቅር እንደሚሉኝ እተማመናለሁ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ግጥምጥሞሹን እንደ ትንቢት የሚቆጥሩት አሉ፤ ለእኔ ግን ከቀኑ ይልቅ ቦታው ብዙ ይናገራል። አገሩ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ፣ መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ነው። በልጅነቱ ገና ይጫወት እንደ ነበረ ይነገራል። የገና ጨዋታን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ይሮጣል፣ ድንገት ይዞራል፣ በሙሉ ወገቡ ይመታል። ዛሬ አሠልጣኞች በየጂምናዚየሙ በብዙ ድካም የሚያስተምሩት የወገብና የዳሌ ጥንካሬ በከፊሉ በዚያ ሜዳ ላይ በነጻ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

ዕድሜው ወደ ሃያ ሲጠጋ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ ከተማው ደርሶ መልስ ይሮጥ እንደ ነበረ በታሪኩ ተመዝግቧል። በዚህ ጊዜ ነው ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ያገኙት። ሜጀር ኒስካነን በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ ሲሆኑ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ አገራችን መጥተው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን ለማስፋፋት የደከሙ ሰው ናቸው። የመጡበት አገር ደግሞ በዚህ ሙያ የቆየ ባህል ነበረው። ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለው ስዊድናዊ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያስፋፋው ጂምናስቲክ ለጡንቻ ማጠንከሪያ በዋነኛነት የሚጠቀመው የሰውየውን የራሱን ክብደት ነው፤ መጎንበስና መቃናት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ በጀርባ ተኝቶ እግርን ማንሣት። በዚያው አገር ጎስታ ሆልመር የተባለው አሠልጣኝ ፍጥነትን በጫካና በአቀበት እያፈራረቁ የመሮጥን ዘዴ አስፋፍቶ ነበር። አቀበት መሮጥ ራሱ የጉልበት ልምምድ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚነሣው የራስ ክብደት ነውና።

የሮማውን ድል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለሌለ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ የተጀመረውን ማራቶን አበበ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ሞሮኳዊውን ራዲን የተለየው ያን ጊዜ ሮማ ውስጥ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አቅራቢያ ነበር። በባዶ እግር መሮጡን እንደ ተአምር ማውራት ግን ሰውየውን ማሳነስ ይመስለኛል። ለውድድሩ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው አወለቀው፤ ያለ ጫማ መሮጥ የቻለው የእግሩ ጡንቻዎች ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ጠነከሩ ነው። ያልለመደ ሰው ዛሬ ቢሞክረው ውጤቱ ጉዳት ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቶኪዮ ነው። ከውድድሩ በፊት ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በትርፍ አንጀት ሕመም ተኝቶ ሆዱ ተቀደደ። ሯጭ በእግሩ ብቻ የሚሮጥ የሚመስለው ሰው ነገሩን ላያከብደው ይችላል። ነገር ግን እግር የሚያመነጨው ኃይል ወደ ፊት የሚሄደው ሆድና ወገብ ጸንተው ሲይዙት ነው፤ መሠረቱ የላላ ማሽን ሞተሩ ቢበረታ ትርፉ መንቀጥቀጥ እንደሆነው ሁሉ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ። ሁለተኛው የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች አበበ ያደረገውን ፊልሙ እስከ ዛሬ ያሳየናል፤ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታል፣ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው በአየር ላይ ያሽከረክራል። ብዙዎች ይህን እንደ ትዕይንት ቆጠሩት። እኔ ፊልሙን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ የደረስሁበት ግምት ሌላ ነው፤ በየቀኑ የሚሠራውን የሚሠራ ወታደር ነው የታየኝ። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ በልምምድ ሜዳ ያልተደጋገመ ከሆነ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ከቶ ሊመጣ አይችልም።

እዚህ ላይ በሙያችን ቋንቋ ጥቂት ልበል። ሯጭ መሬት ሲረግጥ እግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። እንደ አበበ ላለ 60 ኪሎ ለማይሞላ ሰው እንኳ በአንድ እርምጃ ከኩንታል ይበልጣል፤ ይህም በአንድ ማራቶን ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ብረት በአንድ ጊዜ ጭነት የማይሰበርበትን ኃይል ደጋግሞ ሲቀበል ፋቲግ በምንለው ድካም እንደሚሰነጠቅ እናውቃለን። አጥንትና ጅማት ከብረት የሚለዩት፣ ጭነቱ በመጠን ከሆነና ዕረፍት ካገኙ ራሳቸውን መልሰው ማጠንከር በመቻላቸው ነው። የጡንቻ ልምምድም ጭነቱን ለብዙ ክፍሎች ያካፍላል፤ ሯጩም በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ የሚያወጣው ጉልበት ያንሳል። እኛም በቃሊቲ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ አሸዋ የሞላ ጆንያ ተሸክመን ቁጢጥ ብለን እንነሣለን፣ በአንድ እግር ጣት እንቆማለን፤ ውድድር ሲቃረብ መጠኑን እንቀንሳለን። ጥበቃዎቹ ይስቁብናል፤ ጉልበቴ ግን እስካሁን አላበጠም።

አበበን ያንበረከከውም ይኸው የተደጋገመ ጭነት ነበር። በሜክሲኮ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በግራ እግሩ አጥንት ላይ ጉዳት እያለ ተሰልፎ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደ። በ36 ዓመቱ፣ ሳይድን መሰለፍ አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ከአገር ተስፋ ፊት እምቢ ማለት ለወታደር ቀላል አይደለም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ሸኖ አካባቢ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። በመጀመሪያ እጆቹንም ማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ሲታከም እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ሆስፒታሉ በሉድቪግ ጉትማን የተመሠረተ የአከርካሪ ሕክምና ክፍል የነበረው ሲሆን፣ እኚህ ሐኪም ስፖርትን እንደ መድኃኒት ያዝዙ ነበር። ቀስት መወርወርን ይበልጥ የወደዱት ትከሻን፣ ክንድንና የላይኛውን ጀርባ ስለሚያጠነክር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ሚዛኑን እንዲጠብቅ ስለሚረዳው ነው። አበበ ሥልጠናውን እንደገና ከሀ ጀመረ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ ሳለ ተወዳዳሪ ሆነና፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች በ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አንደኛ ወጣ። በረዶ በማያውቅ አገር የተወለደው ሰው ይህን ያደረገው በእጆቹና በትከሻው ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተከትሎት ተቀበረ። መቃብሩ ከቃሊቲ ተነሥተን በደብረ ዘይት መንገድ ወደ መሀል ከተማ ስንገባ፣ ሳሪስን ካለፍን በኋላ በምናገኘው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ማሞ ወልዴም ያረፈው እዚያው ነው። እሑድ ጠዋት ረጅሙን ሩጫ ስንሮጥ የምንመለሰው ከዚያ በር ላይ ነው።